ፋይልን ከተርሚናል በራሱ ፕሮግራም መክፈት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ተርሚናል ትእዛዝ እየተየባችሁ ኮምፒውተሩን የምታዙበት መስኮት ነው። ትእዛዞቹን እዚህ የጻፍናቸው በአነባበባቸው ነው፤ ኪቦርድ ላይ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚተየቡት፣ ካልተባለ በስተቀር ሁሉም በትንሹ ፊደል።

ዳብል ክሊክ ማድረግ እየቻልኩ ለምን ከተርሚናል እከፍታለሁ?

እጃችሁ ቀድሞውኑ ተርሚናል ላይ ከሆነ ነው ጥቅሙ። ስክሪፕት (ተከታታይ ትእዛዞች የያዘ ፋይል) አስኬዳችሁ ግራፍ አወጣላችሁ እንበል። ግራፉን ለማየት ፋይል ማኔጀር ከፍቶ፣ ስድስት ፎልደር ውስጥ ገብቶ፣ ስሙን ፈልጎ መጫን ጊዜ ይበላል። አንድ አጭር ትእዛዝ እዚያው ይጨርሰዋል። ተርሚናል ላይ ካልሆናችሁ ግን ለዚህ ብላችሁ አትክፈቱት። ማውሱ ይበቃል።

ታዲያ ትእዛዙ ምንድን ነው?

እንደ ሲስተማችሁ ይለያያል። ማክ ላይ ኦፕን ነው። ዊንዶውስ ላይ ስታርት ነው። ሊኑክስ ላይ ኤክስዲጂ-ኦፕን ነው፤ ማለትም ኤክስ፣ ዲ፣ ጂ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ኦፕን። ከትእዛዙ ቀጥሎ ክፍት ቦታ ትተዉና የፋይሉን ስም ትጽፋላችሁ፦

`ኦፕን ሪፖርት.ፒዲኤፍ`
`ስታርት ሪፖርት.ፒዲኤፍ`
`ኤክስዲጂ-ኦፕን ሪፖርት.ፒዲኤፍ`

በፋይሉ ስም ፋንታ አንዲት ነጥብ ብቻ ካስቀመጣችሁ አሁን ያላችሁበት ፎልደር በመስኮት ይከፈታል። ለእኔ ከሁሉም በላይ የምትጠቅመው ይቺ ነጥብ ናት። የድረ ገጽ አድራሻ ከሰጣችሁት ደግሞ ብራውዘራችሁ ይከፍተዋል።

ኮምፒውተሩ የትኛው ፕሮግራም እንደሚከፍተው በምን ያውቃል?

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ከታች የሚመጡት ችግሮች ብዙዎቹ ከዚህ ይነሳሉ። ትእዛዙ ራሱ ፋይል አይከፍትም። ግቢ በር ላይ ቆሞ እንግዳውን «አንተ ወደዚያ ቢሮ ሂድ» እንደሚል ዘበኛ ነው። ፋይሉን ያያል፣ መዝገብ ያገላብጣል፣ ለሚመለከተው ፕሮግራም ያስረክባል። ከዚያ በኋላ ሥራው አልቋል። ስለዚህ ፋይሉ በማትፈልጉት ፕሮግራም ከተከፈተ ጥፋቱ የትእዛዙ አይደለም። መዝገቡ ላይ የተጻፈው እንደዚያ ስለሆነ ነው።

መዝገቡ በየሲስተሙ የተለያየ ቦታ ይቀመጣል። ዊንዶውስ የሚያየው የስሙን መጨረሻ፣ ማለትም ኤክስቴንሽኑን ነው። ምዝገባው ሬጂስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ ውስጥ ይገኛል። ማክ ላይ ላውንች ሰርቪስስ የሚባል ክፍል አለ፤ የትኛው አፕ ምን ዓይነት ፋይል መክፈት እንደሚችል የሚይዘው እሱ ነው። ሊኑክስ ደግሞ መጀመሪያ የፋይሉን ዓይነት ይለያል። ይህ ዓይነት ማይም ታይፕ ይባላል። ለምሳሌ የፒዲኤፍ ፋይል ዓይነቱ «አፕሊኬሽን/ፒዲኤፍ» ነው። ኤክስቴንሽን ከሌለው የፋይሉን የመጀመሪያ ባይቶች አይቶ ዓይነቱን ለመለየት ይሞክራል። ከዚያ ለዚያ ዓይነት የተመደበውን ፕሮግራም ይጠራል።

የሊኑክሱ ስም ለምን እንዲህ ረዘመ የሚሉ አሉ። ሊኑክስ ላይ ዴስክቶፑ አንድ አይደለም። ግኖም የራሱ መክፈቻ ነበረው፣ ኬዲኢም የራሱ አለው፣ ኤክስኤፍሲኢም እንደዚያው። ስክሪፕት የሚጽፍ ሰው የትኛውን ይጥራ? በ2000 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ፍሪዴስክቶፕ የተባለው ፕሮጀክት ለሁሉም ዴስክቶፖች የጋራ ደንብ የሚወጣበት ቦታ ነው። ኤክስዲጂ-ኦፕን የመጣው ከዚያ ነው። የትኛው ዴስክቶፕ ላይ እንዳለ ያጣራና የዚያን ዴስክቶፕ መክፈቻ ይጠራል። ግኖም ላይ ከሆናችሁ ከጀርባ የሚሠራው ጂአይኦ ኦፕን ነው። እሱንም በቀጥታ መጻፍ ትችላላችሁ።

ፋይሉ እያለ «አልተገኘም» ይለኛል። ለምን?

ስሙ ውስጥ ክፍት ቦታ ይኖራል። ተርሚናል ክፍት ቦታን የሚያነበው እንደ መለያ ነው። «የኔ ሪፖርት» ብላችሁ ስትጽፉ «የኔ» የሚባል አንድ ፋይል፣ «ሪፖርት» የሚባል ሌላ ፋይል የሰጣችሁት ይመስለዋል። ስሙን በሙሉ በትምህርተ ጥቅስ ክበቡት። ወይም የስሙን መጀመሪያ ጽፋችሁ ታብ ተጫኑ፤ የቀረውን ራሱ በትክክል ይሞላዋል። ታብን ልመዱት። የፊደል ስህተትንም ያስቀራል።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ትእዛዙን ዎርድ ላይ ጽፋችሁ ኮፒ ካደረጋችሁ ቀጥ ያለው ጥቅስ ወደ ጎባጣው ተቀይሮ ሊመጣ ይችላል። የሊኑክስና የማክ ተርሚናል ጎባጣውን እንደ ጥቅስ አይቆጥሩትም። የኛው «» ደግሞ የትም ቦታ አይሠራም። ጥቅሱን እዚያው ተርሚናል ላይ እንደገና ተይቡት።

ዊንዶውስ ላይ በጥቅስ ከበብኩት፤ ፋይሉ ቀርቶ ሌላ ጥቁር መስኮት ከፈተብኝ።

ይህ ብዙ ሰው ያበሳጫል፤ መፍትሔው ግን ቀላል ነው። ዊንዶውስ ላይ ትእዛዝ የሚቀበሉ ሁለት ፕሮግራሞች አሉ፤ የቆየው ኮማንድ ፕሮምፕትና አዲሱ ፓወርሼል። የኮማንድ ፕሮምፕቱ ስታርት በጥቅስ የተከበበ ነገር መጀመሪያ ሲያገኝ የፋይል ስም አይመስለውም። የአዲሱ መስኮት ርዕስ አድርጎ ይወስደዋል። እናም በፋይላችሁ ስም የተሰየመ ባዶ መስኮት ከፍቶ ዝም ይላል። ስለዚህ ባዶ ርዕስ ቀድማችሁ ስጡት፦

`ስታርት "" "የኔ ሪፖርት.ፒዲኤፍ"`

ሁለቱ ጥቅሶች መሃል ምንም የለም። ርዕሱን በልቶ ቀጣዩን ፋይል ብሎ ያነበዋል። ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ሁልጊዜ እንዲህ መጻፍን ልማድ ብታደርጉት ጥሩ ነው።

ፓወርሼል ላይ ግን ይህንን አታድርጉ። እዚያ ስታርት የሚለው ቃል የሌላ ትእዛዝ አጭር ስም ነው፤ ባዶውን ጥቅስ ስትሰጡት ስህተት ይላል። ስሙን አንዴ ብቻ ከብቡት። ፓወርሼል ለዚህ ሥራ የራሱ ትእዛዝም አለው። ሙሉ ስሙ ኢንቮክ-አይተም ነው፣ ሲያጥር ሁለት የአይ ፊደል ብቻ ይሆናል። ከኢንተርኔት ያገኛችሁት ምክር አልሠራ ሲላችሁ መጀመሪያ የምታጣሩት ከሁለቱ የትኛው ላይ እንዳላችሁ ነው።

በአማርኛ የተሰየመ ፋይልስ ይከፈታል?

ይከፈታል። ፊደላችን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ) ውስጥ አለ፤ ዛሬ ሦስቱም ሲስተሞች በአማርኛ የተጻፈ የፋይል ስም ይቀበላሉ። በዊንዶውስ ኮማንድ ፕሮምፕት ስሙ የሳጥን ድርድር ሆኖ ሊታያችሁ ይችላል። አትደንግጡ፣ ፋይሉ አልተበላሸም። መስኮቱ የሚጠቀምበት ፎንት የኛን ፊደል ስለማይዝ ነው። ሳጥን ሆኖ እየታየም ፋይሉ በትክክል ይከፈታል።

የሚያደክመው ኪቦርድ መቀያየሩ ነው። ትእዛዙ በእንግሊዝኛ፣ ስሙ በአማርኛ። ስሙ ውስጥ ቁጥር ካለ በኮከብ ምልክት መገላገል ትችላላችሁ። «የእድር ሂሳብ 2016» የሚል ፋይል ካላችሁና 2016 የሚል ሌላ ፋይል እዚያ ፎልደር ውስጥ ከሌለ፣ ይህ ይበቃል፦

`ኤክስዲጂ-ኦፕን *2016*`

ማክ ላይም በኦፕን ይሠራል። ፓወርሼል ላይ ደግሞ በሁለቱ አይ ሞክሩት። የኮማንድ ፕሮምፕቱ ስታርት ግን ኮከብ አይተረጉምም። ሊኑክስና ማክ ላይ ኮከቡን በጥቅስ ውስጥ አታስገቡት፤ ከገባ ተራ ፊደል ይሆናል።

ሌላው የኛ ችግር የሞክሼ ፊደላት ነው። ለኛ «ሂሳብ» እና «ሒሳብ» ሲነበቡ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ስሞች ናቸው። ጸሐፊው በሠ የሰየመውን እናንተ በሰ ብትጠሩት «የለም» ይላችኋል። እውነቱን ነው፣ በዚያ ስም የተቀመጠ ፋይል የለም። ፋይሎቹን የምትጋሩት ከሌላ ሰው ጋር ከሆነ አንድ አጻጻፍ ላይ ተስማሙ። ቃላትን በሁለት ነጥብ (፡) ለይታችሁ የምትሰይሙ ካላችሁ ደግሞ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። ፡ ለተርሚናል ክፍት ቦታ ስላልሆነ ጥቅስ አያስፈልገውም። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ የሚከለክለውም የእንግሊዝኛውን ኮለን ነው፤ የኛው ፡ ሌላ ምልክት ስለሆነ ያልፋል።

ለዛሬ ብቻ በሌላ ፕሮግራም ልክፈተው ብልስ?

ማክ ላይ ሰረዝ ኤ ጨምሩና የአፑን ስም ስጡት፦ `ኦፕን -ኤ "ፕሪቪው" ፎቶ.ፒኤንጂ`። ሰረዝ ኢ ካላችሁ በቴክስትኤዲት ይከፍተዋል። ሰረዝ ትልቁ አር ደግሞ ፋይሉን ሳይከፍት ፋይንደር (የማክ ፋይል ማኔጀር) ውስጥ ያለበትን ቦታ ያሳያችኋል።

ሊኑክስ ላይ መክፈቻው አያስፈልግም። የፕሮግራሙን ስም ራሱን ጻፉና ፋይሉን አስከትሉ። ዊንዶውስ ላይ ከስታርት ቀጥሎ የፕሮግራሙን ስም፣ ከዚያ ፋይሉን። ዎርድ ከሆነ ስሙ ዊንወርድ ነው።

ለዘለቄታው መቀየር ብፈልግስ?

ማክ ላይ ፋይሉን ራይት ክሊክ፣ ጌት ኢንፎ፣ ኦፕን ዊዝ፣ አፑን መምረጥ፣ ከዚያ ቼንጅ ኦል። የመጨረሻውን ካልነካችሁ የሚቀየረው ያ አንድ ፋይል ብቻ ነው።

ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ዲፎልት አፕስ የሚለውን ተጠቀሙ። አሶክ እና ኤፍታይፕ የሚባሉ የቆዩ ትእዛዞች አሉ። ለማየት ጥሩ ናቸው። በእነሱ የቀየራችሁት ግን ላይሠራ ይችላል። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የተጠቃሚው ምርጫ ለብቻው ተቀምጧል፣ ሌላ ፕሮግራም እንዳይቀይረውም በማረጋገጫ ኮድ ተጠብቋል። በአሶክ የጻፋችሁት ትክክል ሆኖ ሳለ ዳብል ክሊክ የድሮውን ፕሮግራም የሚያመጣው ለዚህ ነው።

ሊኑክስ ላይ ሁሉንም ከተርሚናል መጨረስ ይቻላል፤ ይህ በጣም ደስ ይለኛል። ትእዛዙ ኤክስዲጂ-ማይም ነው። መጀመሪያ የፋይሉን ዓይነት ጠይቁ፣ ቀጥሎ አሁን የተመደበለትን ፕሮግራም ጠይቁ፣ በመጨረሻ የራሳችሁን መድቡ፦

`ኤክስዲጂ-ማይም ክዌሪ ፋይልታይፕ ፊልም.ኤምፒ4`
`ኤክስዲጂ-ማይም ክዌሪ ዲፎልት ቪዲዮ/ኤምፒ4`
`ኤክስዲጂ-ማይም ዲፎልት ቪኤልሲ.ዴስክቶፕ ቪዲዮ/ኤምፒ4`

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሦስተኛው ላይ ነው። የፕሮግራሙን ስም ብቻ ጽፎ «.ዴስክቶፕ» የሚለውን ይረሳል። የሚፈለገው የፕሮግራሙ መግለጫ ፋይል ስም ነው። አብዛኞቹ /ዩኤስአር/ሼር/አፕሊኬሽንስ ፎልደር ውስጥ ናቸው። እዚያ ገብታችሁ ትክክለኛውን ስም እዩ። ምርጫችሁ የሚጻፈው የራሳችሁ ዋና ፎልደር (ሆም) ውስጥ ባለው በተደበቀው .ኮንፊግ ሥር፣ ማይምአፕስ.ሊስት የሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ላይ ነው። ነገር ከተበላሸ እሱን ከፍቶ መስመሯን ማጥፋት ይበቃል።

ብዙ ፋይል በአንዴ ይከፈታል?

የማኩ ኦፕን የፈለጋችሁትን ያህል ይቀበላል። `ኦፕን *.ፒዲኤፍ` ብትሉት ሁሉንም ይከፍታል። ኤክስዲጂ-ኦፕን ግን አንድ ብቻ ነው የሚወስደው፤ ሁለት ስትሰጡት ስህተት ነው ይላል። ስለዚህ በሉፕ (ትእዛዙን ለእያንዳንዱ ፋይል በሚደግም አጻጻፍ) አንድ በአንድ አቀብሉት፦

`ፎር ኤፍ ኢን *.ፒዲኤፍ; ዱ ኤክስዲጂ-ኦፕን "$ኤፍ"; ደን`

በ$ኤፍ ዙሪያ ያለውን ጥቅስ አትተዉት፤ ክፍት ቦታ ያለው ስም ሲመጣ ይበላሻል። ከዚያ በፊት ደግሞ ስንት ፋይል እንዳለ ቁጠሩ። ሁለት መቶ መስኮት በአንዴ መክፈት አነስተኛ ሚሞሪ ያለውን ላፕቶፕ ያደርቀዋል።

ትእዛዙን ሰጠሁት፣ ምንም አልሆነም። ዝም ብሎ ተመለሰ።

ሊኑክስ ላይ ከሆናችሁ ወዲያው `ኤኮ $?` ብላችሁ ጻፉ። ቁጥር ይሰጣችኋል። 0 ከሆነ በኤክስዲጂ-ኦፕን በኩል ሁሉም ደህና ነው፤ ችግሩ የተጠራው ፕሮግራም ላይ ነው። 1 አጻጻፋችሁ ላይ ስህተት አለ ማለት ነው። 2 ፋይሉ የለም። 3 የሚያስፈልግ ፕሮግራም አልተገኘም። 4 ተሞክሮ አልተሳካም። መድረክ ላይ ጥያቄ ከመለጠፋችሁ በፊት ይህን ቁጥር ያዙ፤ የሚረዳችሁ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

ተቃራኒው ችግርም አለ። ፕሮግራሙ ይከፈትና ተርሚናሉን በማስጠንቀቂያ ይሞላዋል፣ ወይም እስኪዘጋ ድረስ ተርሚናሉ ይያዛል። ማስጠንቀቂያዎቹ በአብዛኛው ለፕሮግራሙ ሠሪዎች እንጂ ለእናንተ አይደሉም። ከትእዛዙ መጨረሻ & ብታደርጉ ተርሚናሉ ይለቀቃል።

ስክሪፕቴ ሰውየው ፋይሉን አይቶ እስኪዘጋ እንዲጠብቅስ?

ዘበኛው እንግዳውን አስገብቶ ወደ በሩ ይመለሳል፤ ውስጥ ያለው ጉዳይ መቼ እንደሚያልቅ አያውቅም። ማክ ላይ ሰረዝ ትልቁ ደብሊው እንዲጠብቅ ያዘዋል። የሚጠብቀው ግን አፑ ጨርሶ እስኪወጣ ነው። መስኮቱን ብቻ ብትዘጉ አይበቃም። አፑ ቀድሞ ተከፍቶ ከነበረም መጠበቁ ይራዘማል፤ ስለዚህ አዲስ ቅጂ የሚያስነሳውን ሰረዝ ኤን አብራችሁ ጨምሩ።

ዊንዶውስ ላይ /ዌይት የሚል ምርጫ አለ። አንዳንድ ፕሮግራሞች ግን ፋይሉን አስቀድሞ ለተከፈተው ቅጂያቸው አስረክበው ወዲያው ይወጣሉ፤ ያኔ ስክሪፕቱ ሳይጠብቅ ያልፋል። ኤክስዲጂ-ኦፕን ደግሞ ይህ ምርጫ ጭራሽ የለውም። መጠበቅ ግድ ከሆነ ፕሮግራሙን በስሙ ጥሩት። የበለጠ የምትተማመኑበት መንገድ እሱ ነው።

በኤስኤስኤች (ሌላ ማሽን ላይ ከርቀት በሚያስገባው ትእዛዝ) ሰርቨር ላይ ገብቼ ነው፤ ኤክስዲጂ-ኦፕን እምቢ አለኝ።

ሰርቨሩ ላይ ስክሪን የለም። ትእዛዙ የሚሠራው እዚያ እንጂ እናንተ ፊት ባለው ማሽን ላይ አይደለም። ዴስክቶፕ ሲያጣ በጽሑፍ የሚሠራ ብራውዘር ይፈልጋል፤ እሱንም ካጣ መክፈቻ መንገድ የለም ብሎ ያቆማል። በሰረዝ ትልቁ ኤክስ ገብቶ የሰርቨሩን መስኮት ወደራስ ማምጣት ይቻላል፤ ኔትወርክ በሚደክምበት ቦታ ግን እያንዳንዷ ክሊክ ታስጠብቃችኋለች። በኤስሲፒ (ፋይል ከማሽን ወደ ማሽን በሚቀዳው ትእዛዝ) ፋይሉን ወደራሳችሁ ኮፒ አድርጋችሁ እዚህ ክፈቱት። ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ሌስ የሚባለው ትእዛዝ እዚያው ያሳያችኋል።

ዊንዶውስ ውስጥ ባለው ሊኑክስ፣ በደብሊውኤስኤል ነው የምሠራው። የዊንዶውሱን ፕሮግራም እንዴት ልጥራ?

ኤክስፕሎረር.ኢኤክስኢ ብላችሁ የፋይሉን ስም አስከትሉ። የዊንዶውሱ ዲፎልት ፕሮግራም ይከፍተዋል። ነጥብ ከሰጣችሁት ፎልደሩ ይከፈታል። ፋይሉ ሌላ ፎልደር ውስጥ ከሆነ ግን የሊኑክሱን አድራሻ ዊንዶውስ አይረዳውም። በደብሊውኤስኤልፓዝ ሰረዝ ደብሊው አስተርጉማችሁ ስጡት፦

`ኤክስፕሎረር.ኢኤክስኢ "$(ደብሊውኤስኤልፓዝ -ደብሊው አድራሻው)"`

ስክሪፕት ውስጥ የምታስገቡት ከሆነ ይህንን እወቁ፤ ኤክስፕሎረር ፋይሉን በትክክል ከፍቶም 1 የሚል ቁጥር ይመልሳል። ስህተት ሲያይ የሚቆም ስክሪፕት ያለ ጥፋቱ ይቆማል።

የማላውቀውን ፋይል በዚህ መንገድ መክፈት አደጋ አለው?

አለው፤ ልክ እንደ ዳብል ክሊክ። በተለይ ዊንዶውስ ላይ «መክፈት» ለአንዳንድ ፋይሎች «ማስኬድ» ማለት ነው። «ደረሰኝ.ፒዲኤፍ.ኢኤክስኢ» የሚል ፋይል ስታርት ብትሉት ፒዲኤፍ አይከፈትም፤ ፕሮግራም ይነሳል። የጄኤስ (የጃቫስክሪፕት ኮድ) ፋይልም እንዲሁ ነው። ዲፎልቱን ካልቀየራችሁ ዊንዶውስ ኮዱን በማሳየት ፋንታ ያስኬደዋል። ማክ ላይ .ኮማንድ የሚል መጨረሻ ያለው ፋይል ተርሚናል ውስጥ ይነሳል።

ተርሚናል ላይ መሆናችሁ እዚህ ይጠቅማችኋል። ፋይል ማኔጀር ኤክስቴንሽኑን ሊደብቅ ይችላል። ተርሚናል ስሙን እስከ መጨረሻው ያሳያችኋል። ማክና ሊኑክስ ላይ ደግሞ ፋይል የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ፋይሉን ሳይከፍት ውስጡን አይቶ ምን እንደሆነ ይነግራችኋል። ከማታውቁት ሰው በቴሌግራም የመጣን ነገር መጀመሪያ በእሱ አሳዩት። ስክሪፕት የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ ከውጭ የመጣን የፋይል ስም ወይም ሊንክ ሳታጣሩ ለመክፈቻው አታቀብሉ።